ግለጪ

ለሳኙ ከመወጣጫው ላይ ከመውደቁ በፊት መጽሐፍ የሚባል ነገር ይዞ አያውቅም ነበር። ፊደል አጥቶ አይደለም። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ የአውቶቡስ መስመር ያነባል፣ በተቀባ በር ላይ «እንዳይነካ» የሚለውንም ያነባል፤ ከዚያ ያለፈ ንባብ ግን የሥራ ፈት ሰው ጉዳይ ይመስለው ነበር። የሚኮራው በእጁ ነው። ግድግዳ ሲለስን አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየዋል፤ የልስን ማንኪያው ከታች ተነስቶ ላይ ሲደርስ ግድግዳው እንደ ተላገ ጣውላ ልስልስ ብሎ ይቀራል። በሠፈሩ «ለሳኙ» እንጂ በስሙ የሚጠራው አልነበረም።

ቀን ጎደለበትና አንድ ጠዋት መወጣጫው ከእግሩ ሥር ከዳው። ነፍሱ ተረፈች፤ አንገቱ ግን ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከአንገቱ በታች ያለው አካል የሌላ ሰው ሆነ፤ እጅ ቢሉት የለ፣ እግር ቢሉት የለ። የቀረችው ጭንቅላቱ ብቻ ናት። እሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ያወራል፣ ይበላል፣ ሲነሳበትም ይሳደባል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ባሏ ደኅና ሳለ ከሌሎች ሰፊዎች ጋር ሱቅ ውስጥ ነበር የምትሠራው። እሱ ሲወድቅ ግን የስፌት መኪናዋን አሸክማ ቤት አስገባችውና ከአልጋው ፊት ለፊት አስቀመጠችው። አልጋው መስኮቱ ጋ፣ መኪናው በሩ ጋ፣ በመካከላቸው እንደ ሥራው ብዛት የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ጨርቅ። ኑሯቸው ይኸው ሆነ። እሱ ይተኛል፣ እሷ ትሰፋለች፣ አንዱ ከሌላው ዓይን አይጠፋም።

መጀመሪያ ያዋለው ቴሌቪዥን ነበር። እሱም ሰለቸው።

«ይቺን ነገር አጥፊልኝ» አላት አንድ ቀን። «ሳልጠራው ገብቶ እንደሚለፈልፍ እንግዳ ሆነችብኝ።»

አጠፋችለት። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያውን ያመጣው ታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድምየው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ኪሱ ዘወትር በብሎን ስለሚንቃጨል ከልጅነቱ ጀምሮ «ብሎን» ይሉታል። አንድ ደንበኛው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለብሎን ሰጠው፣ ብሎን ደግሞ ለወንድሙ አመጣው። እንደ ተማሪ ሰሌዳ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ አንድ ጥግ ላይ የተጫረ ነገር ነው። ብሎን ከአልጋው በላይ በሚዞር ብረት ላይ አሠረለትና ከፊቱ ትይዩ አደረገለት።

«ጋሼ፣ ሆዱ ውስጥ የመጽሐፍ መደብር አለ» አለው።

«እኔ ምን ልሠራበት?»

«ምን ሥራ አለህ እና ነው?»

ለሳኙ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ የሚያሾፍበት ወንድሙ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ገደለው። እያንዳንዱን ቃል በከንፈሩ እየሰፈረ ነው የሚያነበው፤ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሚስቱ አንድ ሙሉ ጠርዝ ትቀመቅማለች። ሲጨርስ «ግለጪ» ይላታል። ትነሳለች፣ ጨርቁን ትሻገራለች፣ መስታወቱን በጣቷ ነካ ታደርጋለች፣ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ይህ ምንም አልነበረም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር፤ ጣሪያ ሲያይ የሚውል ሰው ቢያንስ የሚያየው አገኘ።

ችግሩ የጀመረው ሲቀናው ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ከአንደኛው ፈጠነ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ከንፈሩ መንቀሳቀስ አቆመ። የወንዝ አሻጋሪዎችን ታሪክ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የከዋክብት ነገር፣ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ሳይቀር ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሰው ጀመር። እሱ ፈጣን አንባቢ በሆነ ቁጥር እሷ ዘገምተኛ ሰፊ ሆነች። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ «ግለጪ»። ሽንሽኑን በእጇ ይዛ «ግለጪ»። በጥርሷ ስፒል ነክሳ «ግለጪ»። ገልጣ መጥታ ሳትቀመጥ ደግሞ «ግለጪ፣ ይቅርታ፣ ይኼኛው ግማሽ ገጽ ነው፣ ምዕራፍ ማለቂያ ነው» ይላታል።

ስፌት እንደ መንገድ ነው፤ መሃል ላይ ቆመው ሲቀጥሉ ይጣመማል። ድሮ በዓይኗ ሳታይ ቀጥ ታደርገው የነበረውን ጠርዝ አሁን እየፈታች ትደግመው ጀመር። ጉልበቷን ያማታል፣ ወገቧን ይቆረጥማታል፣ ሌሊት ገልበጥ አድርጋ የምታስተኛውም እሷው ናት። ደከማት። አንድ ሌሊት ተኝተው የሚወጡት ዓይነት ድካም አልነበረም፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠ ነበር።

ያልሞከሩት ነገር የለም። ለሳኙ በአፍንጫው ሊነካው ሞከረ፤ ማንበቢያው አፍንጫውን እንደ ሦስት ጣት ቆጠረውና ሦስት ገጽ ዘለለ። በምላሱ ሲሞክር ደግሞ መጽሐፉን ዘግቶ ሌላ ከፈተ። ማንበቢያው በራሱ ሰዓት ገጽ የሚገልጥበት ነገርም ነበረው፤ ብሎን አገኘውና ከፈተለት። ያም አልሆነም። ለሳኙ የወደደው ነገር ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ማሰብ ይወዳል፤ ዓይኑን ሲያሳክከውም ራሱ ማከክ ስለማይችል እስኪለቀው ይጨፍናል። ሲከፍት ገጹ ሄዷል።

«ጥሎኝ ሄደ» ይላል። «ልክ እንደ አውቶቡስ። ጮኸህ አታስቆመውም።»

በድምፅ የሚነበብ መጽሐፍም ሞክሮ ነበር። ጥቂት ቀን ሰማና አስዘጋው።

«ደስ አይልም?» አለችው ሚስቱ፤ ለራሷ ስትል ደስ እንዲለው ትፈልግ ነበር።

«እሱ ሲያነብ የእሱ ነው። እኔ ሳነበው የእኔ ነው። ደግሞ እንቅልፌን ያመጣዋል፤ ስነቃ ማን ማንን እንዳገባ አላውቅም።»

እንግዲህ ወደ «ግለጪ» ተመለሱ።

በዚህ መሃል እሷ አንድ ዘዴ ዘየደች። ፊደሉ ሲያንስ ገጹ ብዙ ይይዛል፣ ገጹ ብዙ ከያዘ ጥሪው ይቀንሳል። እሱ በተኛበት የፊደሉን መጠን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገችው። አላወቀባትም። ከቀናት በኋላ ደግሞ አንድ ደረጃ። ሦስተኛው ላይ ተያዘች።

«አንቺ» አላት፣ ዓይኑን ጨምቆ ገጹን እያየ። «እያረጀሁ ነው ወይስ መጽሐፉ እየከሳ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«የፊደሉን መጠን ማን ነካው?»

መኪናዋን ረገጠች፤ መልስ ላለመስጠት ትርር አደረገችው። እሱም እስክታቆም ጠበቃት።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ራሴን ያመኛል። መድኃኒት ስጪኝ ስልሽ ሰጠሽኝ። እያወቅሽ።»

«እያወቅኩ» አለች፣ ምን ታድርግ። «እግሬንም ያመኛል እኮ። እኔስ ለማን ልንገር?»

ከዚያ በኋላ በፊደሉ መጠን እንደ ጎረቤት በአጥር ወሰን ተደራደሩ። የእሱም አይደለም የእሷም አይደለም፣ መሃል ላይ ተስማሙ። እሱ ሲመሽ ዓይኑን ያመዋል፣ እሷ ሲመሽ ጉልበቷን። ሁለቱም እኩል ተጎዱ፤ ፍትሕ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ማንበቢያው ራሱ ጠየቃቸው። መጽሐፉ ሲያልቅ አንድ ነጭ ሣጥን ብቅ አለና «አንባቢያችን፣ ምን እንድናሻሽል ይፈልጋሉ?» አለ። ለሳኙ ጮክ ብሎ አነበበላትና «ነይ ጻፊልኝ» አላት። ክሯን በጥሳ መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እጅ ለሌለው ሰው የሚገልጥ ነገር ይኑረው በይ። በድምፅ፣ በትንፋሽ፣ በዓይን፣ በፈለጉት ይሁን።»

አንድ በአንድ እየነካች ጻፈች።

«ቀጥይ። ሰው ቆም ብሎ ሲያስብ ይጠብቅ። የተኛ ሰው ዓይን ላይ መብራቱ እንዳይወጋ። ብልጭ ብልጭ አይበል።»

«ቆይ፣ ቀስ በል።»

«ባትሪው የሚያልቀው ሊቁ ሊሞት ሲል አይሁን፣ ቀደም ብሎ ይናገር።»

«የቱ ሊቅ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነዋ። ቀጥይ። ገጽ ሲዘል መመለሻው ቀላል ይሁን። ከኋላ ደግሞ ለማሠሪያ የሚሆን ቀዳዳ ይኑረው፤ ብሎን በገመድ ጠፍሮ ገደለው።»

እሱ ጨረሰ። እሷ ግን ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አላነሳችም። ማንበብ የማትወደው፣ መጽሐፍ ጨርሳ የማታውቀው ሴት፣ ራሷም ሳታስበው የራሷን ጨመረች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«የሚገልጠውም ሰው እንዲታሰብ።»

መልሱ ቶሎ መጣ። «ለአስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን» ይልና አዲሱን ማንበቢያቸውን ያስተዋውቃል፤ ከድሮው የሳሳ ነው፣ የቀለለ ነው፣ በሦስት ቀለም ይገኛል፣ ለውበቱ ሲባል በጎኑ የነበሩት መጫኛ ቁልፎች በሙሉ ተነስተዋል። ለሳኙ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ከድጡ ወደ ማጡ» አለ። «ግለጪ።»

ወራት አለፉ። ለአንድ የስብሰባ አዳራሽ የመጋረጃ ሥራ መጣላት። ከባድ ጨርቅ፣ ረጃጅም መስኮት፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው። ያን ሰሞን ክፍሉ በጨርቅ ተሞልቶ አልጋው በሰማያዊ ባሕር ላይ ያለ ጀልባ ይመስል ነበር፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ ጨርቁን ሰብስባ፣ አቅፋ፣ አልፋ፣ ተመልሳ እንደገና ታነጥፋለች። ለሳኙ ደግሞ ልብ የሚያንጠለጥል መጽሐፍ ላይ ነበር። አንዲት ሴት ሻንጣዋን ይዛ ከባሏ ቤት ወጥታ ባቡር ጣቢያ ደርሳለች።

«ግለጪ።»

ሄደች፣ ገለጠች።

«ግለጪ።»

ሄደች።

ሦስተኛው ላይ እግሯ እምቢ አላት። ከባዱ ጨርቅ መርፌው ሥር ነው፤ ብታቆመው ይሸሻል። እንዳልሰማች ሆነች። መኪናው ይጮኻል፣ ሰው ላይሰማ ይችላል። እሱ ድጋሚ ጠራት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ዳር እስከ ዳር ሰፋች። ሌላ ጀመረች። ሌላም። ከዚያ ጥሪው ቀረ፤ መቅረቱን ልብ አለች፣ ግን አላቆመችም። ካቆመች ምን እንደምትለው አታውቅም ነበር።

ቀና ስትል የመስኮቱ ብርሃን ከአልጋው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ጨርቁን ሰብስባ ሄደች። ገጹ ያው ነው። እሱም ዓይኑን ከፍቶ ያንኑ ገጽ ያያል።

«ጨረስሽ?» አላት።

«አንዱን ወገን።»

«ጎበዝ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ዝጊው፣ ዓይኔ ደከመኝ።»

ዘጋችው። ውሃ አጠጣችው። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ድምፁ ግን እንዲሁ ባዶ ነበር፤ ሥራ ያጣ ሰው በር አንኳኩቶ «የለም» ሲባል ይቅርታ ጠይቆ እንደሚሄደው ዓይነት።

በማግሥቱ «ልክፈትልህ?» ስትለው «ዛሬ ይቅር» አላት። በማግሥቱም እንደዚያው። አዳራሹ መጋረጃውን ተረከበ፣ ክፍሉ ሰፋ፣ ስፌቷም ቀጥ አለ፤ ማንም አይጠራትም። ያንን ጸጥታ ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር። አሁን መጣና እንደማይሄድ እንግዳ ተጎለተባት። ለሳኙ ጣሪያ ያያል። ጣሪያው የሌላ ለሳኝ ሥራ ነው፣ ስንጥቅ አለው፤ ድሮ ይቀልድበት ነበር፣ አሁን አይቀልድም።

ጀርባው እንዳይቆስል በየሳምንቱ የምታየው ነርስ መጣች፤ ገልብጣ አየችው፣ ቀባችው፣ አስተኛችው። ስትወጣ በር ላይ ቆማ ሚስትየውን በለሆሳስ፣

«ጋሼ ምን ሆነዋል?» አለቻት። «ሁልጊዜ ያነበቡትን ሲነግሩኝ ሥራዬን ጨርሼ እንኳ መሄድ ያቅተኝ ነበር። ዛሬ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።»

«ደክሞት ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ደክሞኝ ነው» አለችና ነርሷ ምን ልትላት እንደሆነ ሳትሰማ በሩን ከፈተችላት።

በነጋታው ጎረቤቷን ጠብቂልኝ ብላ ብሎን ሱቅ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሆዳቸው የተከፈተ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፣ ዘይት ይሸታል። ብሎን ሲያያት ደነገጠ፤ ቤቷን ትታ የወጣች ጊዜ የለም።

«እትዬ፣ ጋሼ ምን ሆነ?»

«ምንም። እኔ ነኝ የሆንኩት» አለችው። በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ጊዜ ከተቀመጠች በኋላ የምትነሳ አልመሰላትም። የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ ሰምታ ዝም ማለቷን፣ ገጹ ያው ሆኖ ማግኘቷን፣ «ጎበዝ» ማለቱን። «ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ተቆጥቶኝ ቢሆን ምን አለበት? እንደ እንግዳ አመሰገነኝ።»

ብሎን ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ እኮ ኩባንያውን ነው የምጠባበቀው፣ አንድ ቀን ይሠራዋል እያልኩ።»

«ላም አለኝ በሰማይ። እነሱ የሚያሳሱትን ያሳሱ። አንተ እግር መርገጫ ትሠራ የለ? እኔ በእግሬ ስረግጠው መርፌው ይወርዳል። እሱ በጉንጩ ሲገፋው ጣት የሚወርድ ነገር አትሠራም?»

ብሎን አያት። ከዚያ የሚጠግነውን መኪና ገፋ አደረገና ጠረጴዛው ላይ ቦታ አበጀ።

በበርካታ ቀን ሠራው። ከተጣለ የልጆች መጫወቻ ያወጣው ትንሽ ሞተር፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ቀጭን ክንድ፣ የበር ደወል መጫኛ። ክንዱን ከማንበቢያው ጎን አሠረው፣ መጫኛውን ትራሱ ላይ። እሷ ደግሞ ብረቱ ጉንጩን እንዳይወጋው ከመጋረጃ ቁራጭ ትንሽ ትራስ ሰፋችለት፤ በጥጥ ሞላችው።

ለሳኙ ዝግጅቱን ሁሉ በዓይኑ ብቻ ተከተለ።

«እስቲ ጋሼ፣ ግፋው» አለ ብሎን።

ጉንጩን አስጠጋ። ሞተሩ እርር አለ፣ ክንዱ ወረደ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ መስታወቱን ጠቅ አደረገው። ገጹ ንቅንቅ አላለም። ደገመው። ምንም። ብሎን ጎማውን ቀየረ፣ በፕላስቲክ ሞከረ፣ በእንጨት፣ በመዳብ። አንዴ በጣም ጠንክሮ ወርዶ ማንበቢያውን ከነብረቱ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ሰው ካልሆነ አይሰማም ይሄ መስታወት» አለ ብሎን፣ ላቡን እየጠረገ። «ሥጋ ነው የሚፈልገው።»

«ታዲያ የራስህን ጣት ቆርጠህ ስጠዋ» አለ ለሳኙ።

ከስንት ቀን በኋላ የተናገራት የመጀመሪያዋ ቀልድ ነበረች። ሚስቱ ፊቷን አዞረች፤ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ሳህን ማጠቢያው ጋ ቆማ ዓይኗን ስትጠርግ ስፖንጁን አየችው። እርጥብ ነው። እንደ ሥጋ ልስልስ ነው። ጥግ ጥጉን በመቀስ ቆርጣ ይዛለት መጣች።

«በዚህ ሞክር።»

ብሎን የስፖንጁን ቁራጭ ክንዱ ጫፍ ላይ በክር አሠረና ከብረቱ ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኘው። ለሳኙ ጉንጩን አስጠጋ። እርር። ጠቅ። ገጹ ተገለጠ።

ብሎን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ለሳኙ ገጹን አየው፤ ከዚያ ሳያነበው ገለጠው፣ እንደገና ገለጠው፣ እንደገና። እሷ አጠገቡ ቆማ ስታየው ጉንጩ በገፋ ቁጥር ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አወቀችው። ግድግዳ ሲጨርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሥራውን ሲያይ የነበረው ፊት ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በመሀረብ ጠረገችለት። ያንን የሚሠራለት ማሽን ገና አልተፈጠረም።

ስፖንጁ ግን ይደርቃል። ሲደርቅ መስታወቱ አይሰማውም። ስለዚህ በማግሥቱ እሷ ጠርዝ ላይ እያለች ከአልጋው አንድ ቃል መጣ።

«አርጥቢ።»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ጨርቁን ተሻግራ በብልቃጥ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገችለት። ግን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሙቀት ካለ ሲመሽ አንድ ጊዜ ነው። በመካከሉ ያለው ሰዓት የራሷ ሆነ። ዳር እስከ ዳር ሳትቆም መስፋት ጀመረች። ደንበኞቿ እጇ ተመለሰ አሏት። ድካሙ ግን አለቀ ማለት አይደለም፤ ሌሊት አሁንም ታገላብጠዋለች፣ ጠዋት አሁንም ታጥበዋለች። ዓመታት የቆለሉት ድካም በአንድ ስፖንጅ አይጠረግም። ትንሽ ቀለል ብሎ ሲሸከሙት ግን ክብደቱ ምን ያህል እንደነበረ ያስታውቃል፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ላይ ክንዷን አንተርሳ ሸለብ ያደረጋት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ምሽት ሾርባውን እያጎረሰችው ድንገት፣

«ሴትዮዋ ባቡሩ ላይ ወጣች?» አለችው።

«የቷ?»

«ሻንጣ የያዘችው። ከባሏ ቤት የወጣችው።»

ለሳኙ ከማንኪያው ዞር ብሎ አያት። «አንቺ ታነቢ ነበር?»

«አላነብም። ስገልጥልህ መጨረሻው ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የታችኛው መስመር። አንዳንዴ ሁለት መስመር።» አፈረች። «ከዚያ ስሰፋ መሃሉን ራሴ እሞላዋለሁ። አሁን ራስህ ስትገልጠው ጣቢያው ላይ ቆማ ቀረችብኝ።»

«ስንት መጽሐፍ እንዲህ አድርገሻል?»

«ሁሉንም።»

«የወንዝ አሻጋሪው መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቃት፣ ሊፈትናት።

«ጀልባዋን ለወንድሙ ሰጥቶ ከተማ ገባ።»

«ሞተ እንጂ። ሰጠመ።»

«የእኔው አልሰጠመም» አለች፤ ማንኪያውን አነሳችለት። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላ። ሲጨርስ አፉን ጠረገችለት፣ እሱም ወደ መስኮቱ እያየ፣ «አልተሳፈረችም» አላት። «ባቡሩ ሲመጣ ሻንጣዋን ጭና እሷ ቀረች። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ነገ ያንን ገጽ እናየው፣ ምናልባት አንቺ ይገባሽ ይሆናል።»

«ነገ ደክሞኝ ካልዋለ» አለች።

በማግሥቱ ደክሟት ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ግን አዩት። እሷም አልገባትም። ስለሱ ሲከራከሩ ምድጃ ላይ የጣደችውን ረስታ ድስቱ አረረ።

ነርሷ በሳምንቷ መጣች። ክንዱን አየች፣ ትራሱን ነካች፣ ለሳኙ ሦስት ጊዜ ገልጦ አሳያት። ቦርሳዋን ሳታነሳ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ? እንደ ጋሼ አካሏ የማይታዘዝላት፣ የማያት ልጅ አለች፤ መምህርት ነበረች። እናቷ ናቸው የሚገልጡላት።»

«እናትየዋ አርጅተዋል?» አለች ሰፊዋ።

«ከእርስዎ ይበልጣሉ።»

«ብሎን ይሠራዋል» አለ ለሳኙ ከአልጋው። «ጉንጯ ይታዘዛል?»

«ጉንጯን አትችልም። አገጯን ብቻ ነው።»

ሰፊዋ ተነስታ ከጨርቅ ከረጢቷ ውስጥ ቁራጭ መፈለግ ጀመረች። ለአገጭ ከሆነ ጠበብ ማለት አለበት፤ እንዳያንሸራትትም ሻከር ያለ ጨርቅ ይፈልጋል። አንዱን አወጣች፣ ጣለችው፣ ሌላ አወጣች።

«ለእናትየዋ ንገሪያቸው» አለቻት ነርሷን፣ በጨርቁ ላይ በጠመኔ እያሰመረች። «ስፖንጁን ከሁለት ቀን በላይ አያቆዩት፣ ይሸታል። ውኃው ደግሞ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እና ደግሞ» አለችና ቀና አለች፤ የምትለውን ፈልጋ አጣችው። «እንዲሁ ሰላም በያቸው።»

ነርሷ ሄደች። ሰፊዋ መነጽሯን አደረገች፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክራ በአራተኛው አስገባችው። ከአልጋው በኩል ሞተሩ እርር፣ ጠቅ አለ። ለአዳራሽ የማይበቃ፣ ለመስኮት የማይበቃ፣ ለአንዲት አገጭ ብቻ የሚበቃ ቁራጭ ጨርቅ መርፌው ሥር አስገባችና ረገጠች።